ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሊዘጋ ይገባልን?

ሰው ትእዛዝ ካፈረሰበት ቀን ጀምሮ ደዌና ሞት ስለ ሠለጠኑበት፣ ከቸነፈር ጋር ሳይተያይ ያለፈ ትውልድ የለም። አባቶቻችን ፈንጣጣንና ተስቦን አይተዋል፤ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመው ጉንፋን መሰል ደዌ በአዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን በአገራችን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1942 ዓ.ም. ነውና። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ብዙ ሺህ ወጣቶች ከየአገሩ ዳርቻ ተሰብስበው በአንድ አዳራሽ ይማራሉ፤ በአንድ የምግብ ቤት ይመገባሉ፤ በአንድ ክፍልም ብዙ ሆነው ያድራሉ። ስለዚህ ተላላፊ በሽታ በተነሣ ቍጥር፣ ግቢው ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል።

ይህ ጥያቄ የመንግሥትና የሐኪሞች ነው እንጂ የካህናት አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ በሽታን መርምሮ ማወቅ የሐኪም፣ ትእዛዝ ማውጣትም የባለ ሥልጣን ድርሻ ነው። ዳሩ ግን በግቢው ያለችው ልጅ የማን ልጅ ናት? የምእመናን ልጅ ናት። ግቢው ተዘግቶ ወደ ቤትዋ ስትመለስ የምትገባበት ቀዬ የማን ቀዬ ነው? ካህኑ የንስሓ አባት የሆነበት ቀዬ ነው። እናትና አባት በጭንቀት ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት የንስሓ አባታቸውን ስለ ሆነ፣ ካህኑ የሚመልሰውን ሊያውቅ ይገባዋል። ሳያውቅ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ወይ ሕዝቡን በከንቱ ያስፈራል፣ ወይም በከንቱ ያደፋፍራል፤ ሁለቱም በነፍስ ያስጠይቃሉ። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ፣ ከታሪክና በዘመናችን ከታየው ፍሬ አንጻር እንመርምረው።

የመጽሐፍ ትምህርት

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ስለ ለምጽ የተሠራውን ሥርዓት ብንመለከት፣ ካህኑ የታመመውን ሰው አይቶ ነገሩ ግልጥ ባልሆነለት ጊዜ ሰባት ቀን ለይቶ ያቈየዋል። በሰባተኛው ቀን ደግሞ ያየዋል፤ ምልክቱ ካልሰፋ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርበታል። ይህን ስንል የኦሪት ካህን የዛሬውን ሕክምና አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የተጠረጠረን ሰው ለጊዜው ለይቶ ማቈየት እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው እንጂ የእምነት ማነስ አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ መለየቱ ቀን የተቈረጠለትና ምርመራ የሚደረግበት መሆኑን ነው፤ ሰውየው ተዘግቶበት የሚረሳ አይደለም። እንዲያውም በምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈው፣ የታመመው በሚነጻበት ቀን እርሱ ወደ ሰፈር አይገባም፤ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ያየዋል። ተለይቶ የተቀመጠውን ሄዶ የሚያይ ካህን እንዳለ ልብ እንበል።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ደግሞ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 እናገኛለን። የሙሴና የአሮን እኅት ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ተቀመጠች። መጽሐፍ ግን በዚህ አያበቃም፤ እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ከሰፈረበት እንዳልተነሣ ይነግረናል። ወደ ተስፋዪቱ ምድር የሚጓዝ ያን የሚያህል ጉባኤ፣ ደመናውን እየተከተለ የሚሄድ ሠራዊት፣ ስለ አንዲት ሴት ሰባት ቀን ቆመ። እንግዲህ መዝጋት ብቻ ሥርዓት አይባልም፤ የተዘጋበትን መጠበቅ ሲጨመርበት ሥርዓት ይሆናል። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ላይ ይመሠረታልና።

ካምብሪጅና ኢም

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1665 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታላቅ ቸነፈር ተነሣ። በለንደን ከተማ ብቻ በዚያ ዓመት በቸነፈሩ ሞቱ ተብለው በመዝገብ የተጻፉት ከ68 ሺህ በላይ ናቸው፤ በእውነት የሞቱት ግን ወደ 100 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተበተኑ። ከእነርሱ አንዱ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ማዕርጉን የተቀበለው ይስሐቅ ኒውተን ነበረ። እርሱም ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ዉልስቶርፕ ሄዶ በእናቱ ቤት ተቀመጠ፤ በመካከል ለጥቂት ወራት ከመመለሱ በቀር እስከ 1667 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ቈየ። በዚያ ዕረፍት ስለ ብርሃንና ስለ ቀለማት፣ ስለ ሒሳብ ጥበብና ምድር ነገርን ሁሉ ወደ ራስዋ ስለምትስብበት ኃይል የጀመረው ምርምር ስሙን በዓለም አስጠርቶታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ መዝጋት ጕዳት የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ዘወትር ይጠቅሳሉ።

በዚያው ዘመን በዚያው አገር የሆነውን ሌላውን ታሪክ ግን ብዙዎች አያነሡትም። በደርቢሸር አውራጃ ኢም የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። በ1665 ዓ.ም. መጨረሻ ከለንደን ለልብስ ሰፊ በመጣ ጨርቅ ውስጥ በተደበቀ ቍንጫ ምክንያት ቸነፈሩ ወደ መንደሪቱ እንደ ገባ ይነገራል። በተከታዩ ዓመት በሰኔ ወር የመንደሪቱ ካህን ዊልያም ሞምፔሰን፣ ከእርሱ በፊት ካህን ከነበረው ከቶማስ ስታንሊ ጋር ተስማምቶ፣ ሕዝቡ ሸሽቶ በሽታውን ወደ ጎረቤት መንደሮች እንዳያደርስ ከወሰኑ እንዳይወጣ መከረ። ሕዝቡም ምክሩን ተቀበለ። የጎረቤት ሰዎች እህል አምጥተው በድንበር ያስቀምጡላቸው ነበር፤ እነርሱም ዋጋውን በሆምጣጤ ነክረው በድንጋይ ላይ ይተዉላቸው ነበር። ጸሎታቸውንም ከቤተ ክርስቲያን ሕንጻ አውጥተው በሸለቆ ሜዳ ተራርቀው እየቆሙ ያደርሱ ነበር። ከመንደሪቱ ሰዎች 260 ያህል ሞቱ፤ የካህኑም ሚስት ካትሪን ከሙታን አንዲቱ ሆነች። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ግን ተረፉ።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች አብረው ሲነበቡ አንድ ታላቅ ልዩነት ያሳዩናል። ካምብሪጅ ተማሪዎቹን በተነ፤ ኢም ግን ልጆችዋን ሰበሰበች። ሁለቱም ስለ በሽታው ዘጉ ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ የዘጋው ከውጭ እንዳይገባበት፣ ሌላዪቱ የዘጋችው ወደ ውጭ እንዳይወጣባት ነው። በቋንቋችን መዝጋት የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ ሰዎች ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እየተከራከሩ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል። ትምህርትን ማቋረጥ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪን መበተን ሌላ ነገር ነው፤ በርን ዘግቶ ማቈየት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ፍርዳችን የተስተካከለ እንዲሆን ሦስቱን ለይተን ማየት አለብን።

በዘመናችን የታየው

በአገራችን ኮሮና የተባለው በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በመጀመሪያ በየግቢያቸው እንዲቈዩ ተነገራቸው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ወደየቤተሰቦቻቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ግቢዎቹ በየአገሩ ለይቶ ማቆያ ሆነው አገለገሉ፤ ትምህርቱም በ2013 ዓ.ም. ተመራቂዎችን በማስቀደም ቀስ በቀስ ተጀመረ። በዚያ የመጋቢት ወር መቈየትም መሄድም በተራ መታዘዙ አንዳንድ ሰዎችን አስገርሟል። ነገሩን ለሚያስተውል ግን ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ማቈየቱ በጠባብ ክፍል ተቀራርበው የሚያድሩትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ መበተኑ ደግሞ በየመንደሩ ያሉትን አረጋውያን ያሰጋል። በዚያን ጊዜ በመላው አገር የታወቁት ሕሙማን ገና በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ተማሪው በመንገድ ሳይዝ ቤቱ ሊደርስ ይችል ነበር። በሽታው በየማደሪያው ከገባ በኋላ ቢሆን ግን ያው ውሳኔ ሌላ ፍሬ ባፈራ ነበር።

ይህንም በአሜሪካ የሆነው ያስረዳል። በቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቈጣጠር ነሐሴ 10 ቀን 2020 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 130 ተማሪዎች በበሽታው ተያዙ፤ ከተመረመሩት መካከል የተያዙት ከመቶ 2.8 የነበሩት ወደ 13.6 ከፍ አሉ። ስለዚህ ትምህርቱ በጀመረ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 17 ቀን፣ የመጀመሪያ ማዕርግ ተማሪዎች በየቤታቸው ሆነው በኮምፒዩተር እንዲማሩ ተወሰነ። በተከታዩ ወር የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ኃላፊ የነበሩት ዶክተር አንቶኒ ፋውቺ፣ በሽታ የገባበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ቤት ከሚሰድድ በግቢው ውስጥ ለይቶ እንዲያቈያቸው አጥብቀው መከሩ፤ ወደየቤቱ መስደድ በሽታውን በአገሩ ሁሉ መዝራት ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው።

በዚያው ዘመን በኧርባና ሻምፔን ያለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ያዘ። ምራቅን በመመርመር በሽታውን የሚለይ ዘዴ ራሱ አዘጋጅቶ ተማሪዎቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመረምር ጀመር፤ ያልተመረመረ ሰው ወደ ሕንጻዎቹ እንዳይገባም ከለከለ። ተይዘው የተገኙት በድግስ ተሰብስበው በሽታውን ባስፋፉ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ መቶ ሰው ቢያዝም፣ ሥርዓቱን አጥብቆ ግቢውን ሳይዘጋ ዘለቀ። ይህን የምናነሣው የሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያደርገውን ሁሉ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርግ ይችላል ለማለት አይደለም። መመርመርና መለየት ከተቻለ መዝጋት ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

የመዝጋት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ እንማር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ኢቦላ የተባለው ገዳይ በሽታ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ተነሥቶ እስኪጠፋ ድረስ ከ11 ሺህ 300 በላይ ሰው ገደለ። በሴራሊዮን ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው ቈይተው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 14 ቀን ተከፈቱ። በዚያ የመከራ ዘመን መዝጋቱ ተገቢ እንደ ነበረ የሚከራከር የለም፤ በሽታው በመነካካት የሚይዝና ከተያዙት እጅግ ብዙዎችን የሚገድል ነበርና። ዳሩ ግን በሩ በተከፈተ ጊዜ ሁሉም አልተመለሱም። ብዙ ልጃገረዶች በዚያ የመዘጋት ዘመን ፀንሰው ነበር፤ መንግሥትም የፀነሱት ከሌሎች ጋር እንዳይማሩ ከለከለ፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ2020 ዓ.ም. መጋቢት ወር ነው። እንግዲህ በሽታው ያልነካቸውን ልጆች በሩ ነካቸው። ሕዝቡ ተነሥቶ ሄደ፤ ከሰፈር ውጭ የነበሩትን ግን አልጠበቃቸውም።

ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀናልና መዝጋትም መለየትም አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚጠቅሱት መዝሙር፣ ሰይጣን ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ የጠቀሰው ያው መዝሙር መሆኑን አያስተውሉም። ጌታችንም ጥበቃው እውነት አይደለም ብሎ አልመለሰለትም፤ ጌታ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ተናገረ እንጂ። የመላእክት ጥበቃ በመንገዱ ለሚሄድ ነው፤ ከጫፍ ራሱን ለሚወረውር የተሰጠ ቃል ኪዳን የለም። በ2012 ዓ.ም. የሕማማትን ሳምንትና የትንሣኤን በዓል እጅግ ብዙ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ያሳለፉት ሃይማኖታቸውን ለውጠው አይደለም፤ ባልንጀራን መውደድ ከትእዛዛቱ ሁለተኛው ስለ ሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ደካሞች ስትል በዓልዋን በዕንባ ካከበረች፣ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለጊዜው ቢያቋርጥ ምን ያስገርማል?

ሁለተኛ፣ ወጣት በበሽታው ብዙ አይጎዳምና ግቢው ተከፍቶ ይኑር የሚሉ አሉ። ኮሮናን በሚመለከት ወጣቱ ከአረጋዊው ይልቅ ጥቂት መጎዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን በግቢው ያለው ወጣት ብቻ አይደለም። እንጀራ የምትጋግረው እናት፣ በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ክፍሉን የምትጠርገው ሴት፣ ያረጀው መምህርም አሉ፤ እነዚህ ማታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ደግሞም በሽታ ሁሉ ኮሮና አይደለም፤ በ1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተዛመተው ጉንፋን ይልቁን ጎልማሶችን እንደ ፈጀ የታወቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ኒውተን በቤቱ ሆኖ ታላቅ ጥበብ አግኝቷልና ተማሪ በቤቱ ቢቈይ አይጎዳም የሚሉ አሉ። ለዚህ የምንመልሰው፣ ኒውተን ማዕርጉን የተቀበለ፣ እናቱም ርስት ያላት ሰው እንደ ነበረ ነው። የአንድ ገበሬ ልጅ ወደ ቤትዋ ስትመለስ የሚጠብቃት ግን ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ታናናሾችን መያዝ ነው። ትምህርቱ በኮምፒዩተር ይሰጣል ቢባል፣ መብራት በሌለበት ቀዬ ያለች ልጅ ምን ታደርጋለች? መዘጋቱ ሲረዝም ደግሞ ወላጆች ትምህርቱ የቀረ መስሏቸው ባል ይፈልጉላታል። ስለ አንድ ኒውተን ስንናገር ስማቸው ያልተጻፈውን፣ በዚያው ዓመት ተበትነው ያልተመለሱትን ማሰብ ይገባናል። የአንድ ሊቅ ዕድል ለብዙዎች ሕግ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ምን እንበል?

እስካሁን ከተመለከትነው አራት ነገሮችን እናወጣለን።

አንደኛ፣ ፍርዱ እንደ በሽታው ጠባይ መሆን አለበት። ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃና ምግብ ስለ ሆነ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃና የምግብ ቤት ጥንቃቄ ከመበተን ይልቅ ይጠቅማሉ። ኩፍኝን የሚከለክል ክትባት አለ፤ ለማጅራት ገትርም እንዲሁ። በአየር የሚተላለፍና ገና መድኃኒት ያልተገኘለት አዲስ በሽታ ሲሆን ግን፣ ሰው በብዛት የሚሰበሰብበትን አዳራሽ ለጊዜው መዝጋት ተገቢ ነው። የበሽታውን ጠባይ የሚያውቀው ሐኪም ስለ ሆነ፣ በዚህ ነገር የሐኪሙ ቃል ይሰማ፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንዲገባ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምረናልና።

ሁለተኛ፣ አዳራሽ መዝጋትና ተማሪ መበተን አንድ ሆነው አይቈጠሩ። በሽታው ወደ ግቢው ሳይገባ ከሆነ፣ ተማሪው በጊዜ ወደ ቤቱ ቢሸኝ መልካም ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና። ከገባ በኋላ ግን ያልተመረመረና የተወሰነው ቀን ያልተፈጸመለት ተማሪ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ወደ አያቶቹ ቤት አይሰደድ። በዚያን ጊዜ የኢምን ሥራ መሥራት ይሻላል። ነገር ግን ኢም ልትጸና የቻለችው ጎረቤቶችዋ እህል በድንበር ስላስቀመጡላት ነው። ተማሪን በግቢ አቈይቶ ምግብና ሕክምና መንፈግ ኢምን መምሰል አይደለም፤ እስር ቤት ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ መሄጃ የሌለው ተማሪ አይገፋ። በየግቢው ወላጆቹ የሞቱበት፣ አገሩ በጦርነት የተዘጋበት፣ ከሌላ አገር የመጣም አለ። ሁሉም ወደ ቤታችሁ ሂዱ ሲባል፣ ቤት የሌለው የት ይሂድ? ትእዛዝ የሚያወጣ ሰው ቤት ያላቸውን ብቻ አስቦ አያውጣ።

አራተኛ፣ በር የሚዘጋ ሰው የሚከፍትበትን መንገድ አብሮ ያስብ። ኖኅ መርከቡ በአራራት ተራራ ባረፈች ጊዜ ወዲያው ወጥቶ አልሮጠም። አስቀድሞ ቁራን፣ ኋላም ርግብን ሰደደ፤ ርግብዋ ማረፊያ አጥታ ብትመለስ ሰባት ቀን ቈይቶ ደግሞ ሰደዳት፤ የወይራ ቅጠል ይዛ ብትመጣም ሌላ ሰባት ቀን ጠበቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ውጣ እስኪባል ድረስ አልወጣም። የቻፕል ሂል ዩኒቨርሲቲ የገጠመው ይህን የሚመስል ነው፤ በሩን ከፈተ፣ በሳምንቱም መለሰው። ነገር ግን ኖኅ በመርከቡ ውስጥ ይኖር ዘንድ እንዳልወደደ ደግሞ ልብ እንበል። መስኮቱን ይከፍት ነበር፤ ወፎቹን ይሰድድ ነበር፤ ዘወትር የመውጫውን ቀን ይሻ ነበር። ዘግቶ የሚቀመጥና ስለ መክፈት የማይመክር አስተዳዳሪ ከጥፋት ውኃ ቢያመልጥም ምድሪቱን አይወርስም።

የካህናትና የምእመናን ድርሻ

ተማሪው ወደ ቀዬው በተመለሰ ጊዜ ካህኑ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ነገር፣ ተማሪውን እንደ በሽታ እንዳያዩት ሕዝቡን ያስተምር። ሐኪሞች ያዘዙትን ቀን ያህል ከአረጋውያን ተለይቶ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ሲለይ ስሙ እየተጠራ፣ ምግቡም እየደረሰው ይሁን። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በ3ኛው መቶ ዓመት በከተማው ስለ ተነሣው ቸነፈር ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ሕሙማንን ሳይሸሹ እንዳስታመሙ መስክሯል። የቂሣርያው ባስልዮስም ለሕሙማንና ለድኆች ከከተማው ውጭ መጠጊያ ሠራ፤ ራሱም ከእነርሱ አልራቀም። አባቶቻችን ከከተማ ውጭ ማኖርን ከልብ ውጭ ከማድረግ ለይተው ያውቁ ነበር።

ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ባለበት ደብር፣ ጊዜው የተፈቀደ ሲሆን ተማሪዎች በጥቂት በጥቂቱ ተራርቀው የሚያነቡበት ቦታ ይሰጣቸው። መብራት ያለው ቤት መብራት ለሌለው ይክፈት። ወላጆችም ለልጃቸው በቀን ጥቂት ሰዓት ከሥራ እንዲለቋት የንስሓ አባት ይምከር፤ ትምህርቱ ታገደ እንጂ እንዳልቀረ ያስረዳ። በመዘጋት ዘመን ለተማሪ ልጅ ድንገት የጋብቻ ወሬ ሲሰማም ዝም አይበል፤ በእርስዋ ፈቃድ መሆኑን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን ጉባኤ ቤቶች አንርሳ። ስለ ዩኒቨርሲቲ ስንናገር የአብነት ተማሪ ከዓይናችን ሊሰወር አይገባም። እርሱም በጠባብ ጎጆ ከባልንጀሮቹ ጋር ያድራል፤ ከዚህም በላይ የዕለት ጉርሱን ከደጅ ደጅ እየዞረ በልመና ስለሚያገኝ፣ በሽታ በመጣ ጊዜ ወይ እየዞረ በሽታ ይቀበላል፣ ያቀብላልም፤ ወይም ሳይዞር ይራባል። አገሩም ሩቅ ስለ ሆነ ሂድ ቢሉት መሄጃ የለውም። ስለዚህ በመከራ ጊዜ የአጥቢያው ምእመናን ተማሪው ወደ ደጃቸው እስኪመጣ ሳይጠብቁ በየተራ ስንቁን በጉባኤ ቤቱ ደጅ ያድርሱለት፤ የደብሩም አስተዳዳሪ ውኃና ሳሙና ያሰናዳለት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪን የሚያስብ መንግሥት አለ፤ የቆሎ ተማሪን ግን እኛ ካላሰብነው የሚያስበው ጥቂት ነው።

አራተኛውና ዋናው ነገር መቍጠር ነው። ግቢው በተዘጋ ጊዜ ከአጥቢያው ስንት ተማሪዎች እንደ ተመለሱ ካህኑ ይወቅ፤ ስማቸውን ይጻፍ። በሩ በተከፈተ ጊዜም ስንቱ እንደ ሄዱ ይመልከት። ከአሥሩ ዘጠኙ ሄደው አንዲት ብትቀር፣ ስለ ምን ቀረች ብሎ ቤትዋ ይሂድ። የመሳፈሪያ አጥታ ከሆነ ምእመናን ያዋጡላት፤ አባትዋ ከልክሏት ከሆነ አባትዋን ይምከር፤ ታማ ከሆነ ያስታምማት፤ ወልዳ ከሆነም ነውር ሳያደርግባት የምትመለስበትን መንገድ ይፈልግላት። መቶ በግ ያለው እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን ፍለጋ እንደሚሄድ ጌታችን አስተምሮናል።

እንግዲህ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሊዘጋ ይገባልን ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ነፍስን ለማዳን አስፈላጊ ሲሆን ይዘጋ፤ ነገር ግን በእውቀት፣ ቀን ተቈርጦለት፣ መሄጃ የሌለውም ታስቦለት ይዘጋ። የዘጋው እጅ የሚከፍትበትን ቀን ይሻ። ሲከፈትም ሕዝቡ ወደ ፊት ከመጓዙ በፊት ከሰፈር ውጭ የቀረ እንዳለ ዘወር ብሎ ይመልከት። የእስራኤል ጉባኤ ስለ አንዲት ማርያም ሰባት ቀን መቆሙ ከተስፋዪቱ ምድር አላስቀረውም፤ እኛንም ስለ አንዲት ተማሪ መቆማችን ከምንሄድበት አያስቀረንም።

ልዑል እግዚአብሔር አገራችንን ከቸነፈር ይጠብቅልን፤ በመጣም ጊዜ ጥበብንና ርኅራኄን አስተባብሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።